የአውሮፕላን ሞተርና ኤፒዩ አሠራር በከፍታ ቦታዎች

የአውሮፕላን ሞተርና ኤፒዩ አሠራር በከፍታ ቦታዎች ከባሕር ወለል በጣም ከፍ ብለው በሚገኙ አውሮፕላን ማረፊያዎች የተርባይን ሞተሮች እንዴት እንደሚነሡ፣ ኃይል እንደሚሰጡና እንደሚጠፉ የሚመለከት የአቪዬሽን ርዕስ ነው። ኤፒዩ የሚባለው ብዙውን ጊዜ በአውሮፕላኑ ጭራ ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ረዳት ተርባይን ነው። አውሮፕላኑን አይገፋም፤ ኤሌክትሪክና የታመቀ አየር ይሰጣል። በኢትዮጵያ ለዚህ ርዕስ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት የላሊበላ፣ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያዎች ናቸው።

የቦታው ሁኔታ

የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በሹምሸሃ አካባቢ ይገኛል። ከተማው በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ማረፊያው ግን ዝቅ ብሎ በ2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተሠርቷል። የመንደርደሪያው ርዝመት ወደ 2,400 ሜትር ነው። ዙሪያውን የላስታ ተራሮች ይከቡታል፤ ከእነዚህም አንዱ የሆነው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ላሊበላ ቀድሞ በፎከር 50፣ ኋላም በዳሽ 8 ኪው400 አውሮፕላኖች ሲበር ቆይቷል። ኪው400 ፕሮፔለር ቢኖረውም ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የጄት ሞተር ዘመድ የሆነ ተርባይን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ አየር የሚነገረው ለሁለቱም ይሠራል።

አየርና የሞተር ኃይል

የተርባይን ሞተር አየር ይስባል፣ በመጭመቂያው ያምቃል፣ ከነዳጅ ጋር ያቃጥላል፣ የጋለውም ጋዝ ተርባይኑን ያዞራል። የሚገኘው ኃይል በአመዛኙ የሚወሰነው በየሰከንዱ በሚያልፈው አየር ክብደት ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በ2,000 ሜትር ላይ የአየር እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ያህል ነው። ቀኑ ሞቆ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ወደ 76 በመቶ ይወርዳል፤ ለሞተሩና ለክንፉ 2,800 ሜትር ላይ ያሉ ያህል ይሆናል። የማለዳ ቅዝቃዜ ለበረራ የሚመረጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

ችግሩ በሞተሩ ብቻ አያበቃም። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት 15 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። መነሣት ቢቋረጥ ፍሬኑ ሊያስቀረው የሚገባው የእንቅስቃሴ ጉልበትም በሲሶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የሙቀት፣ የነፋስ፣ የክብደትና የመንደርደሪያ ስሌት ይሠራሉ። ስሌቱ የሚያስበው ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ያለውን ሁኔታ አይደለም፤ በመንደርደር ላይ አንድ ሞተር ቢጠፋ አውሮፕላኑ በቀረው ሞተር ተራራውን አልፎ መውጣት መቻል አለበት። ካልቻለ ጭነት፣ ነዳጅ ወይም ተሳፋሪ ይቀነሳል።

ሞተር ማስነሣትና ኤፒዩ

በቦይንግ 737 ዓይነት አውሮፕላን ሞተር የሚነሣው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ባትሪው ኤፒዩን ያስነሣል። ኤፒዩ የታመቀ አየር ወደ ሞተሩ ማስነሻ ይልካል፤ ማስነሻውም የሞተሩን የውስጥ ክፍል ያዞራል። ዙሩ በቂ ሲሆን ነዳጅና ብልጭታ ይገባል፣ ቃጠሎ ይጀምራል። ሞተሩ በራሱ መዞር ሲችል ማስነሻው ይለቅቃል።

በዚህ ጊዜ አብራሪዎች ዓይናቸውን የማይነቅሉት ከጭስ ማውጫው ሙቀት መለኪያ ነው። በሲኤፍኤም56-7ቢ ሞተር ሲነሣ የሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 725 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ነዳጁ ገብቶ አየሩ ካነሰ ሙቀቱ ከገደብ ያልፍና የተርባይን ቅጠሎችን ይጎዳል። ዙሩ መሐል ላይ ቆሞ የማይጨምርበትም ጊዜ አለ። በሁለቱም ሁኔታ ነዳጁ ወዲያው ይዘጋል። በከፍታ ቦታ ኤፒዩ ራሱ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ለማስነሻው የሚልከው ግፊት ይቀንሳል፤ የማስነሣቱ ጊዜ ሊረዝም ይችላል።

የ737 አዲሱ ትውልድ ኤፒዩ ኤሌክትሪክ እስከ 41,000 ጫማ፣ የታመቀ አየር እስከ 17,000 ጫማ፣ ሁለቱን በአንድነት እስከ 10,000 ጫማ (3,048 ሜትር) ይሰጣል። ላሊበላም ሆነ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው ቦሌ ከዚህ ገደብ በታች ናቸው። የኪው400 ሞተሮች ግን በኤሌክትሪክ ማስነሻ ይነሣሉ፤ ኤፒዩውም የሚሠራው መሬት ላይ ብቻ ነው። በቦይንግ 787 ደግሞ ሞተሮቹ የሚነሡት በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤፒዩው እያንዳንዳቸው 225 ኪሎቮልት አምፔር የሚሰጡ ሁለት ጄኔሬተሮች አሉት።

የጋዝ ተርባይን ኤፒዩ የተገጠመለት የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት እ.ኤ.አ. በ1963 የበረረው ቦይንግ 727 ነው። ከዚያ በፊት ጄቶች በአብዛኛው የመሬት ጄኔሬተርና የአየር ጋሪ ይጠብቁ ነበር። ኤፒዩ መሣሪያ በሌላቸው ትናንሽ ማረፊያዎች አርፎ መነሣትን አቅልሏል።

ሞተር የሚጠፋውም በሥርዓት ነው። ትልልቅ ጄት ሞተሮች ከማረፍ በኋላ ወደ 3 ደቂቃ ያህል በዝቅተኛ ዙር ይቀዘቅዛሉ፤ ይህም የውስጥ ክፍሎቹ በእኩል እንዲቀዘቅዙ ይረዳል።

አደጋዎች

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 604፣ ቦይንግ 737-200፣ ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ተሳቡ፤ መጭመቂያዎቹ ተጎዱ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢሞክሩም ሞተሮቹ ኃይል አጡ። አውሮፕላኑ ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ። የወፍ ቁጥጥር በማረፊያዎች አካባቢ የሞተር ደኅንነት ክፍል ሆኖ የሚታየው ከእንዲህ ያለ አደጋ የተነሣ ነው። በላስታ ገደሎችም ጥንብ አንሳዎች ቀኑ ሲሞቅ በሚነሣው አየር ላይ ያንዣብባሉ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው በረራ 961፣ ቦይንግ 767፣ ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉና በኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ኤፒዩ የሚቃጠለው ከዋናዎቹ ሞተሮች ጋር በአንድ ነዳጅ ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲያልቅ እሱም አይረዳም። በዚህ በረራ ላይ ለመሪዎቹ የተወሰነ ኃይል የሰጠው ከአውሮፕላኑ ሆድ ወጥቶ በነፋስ የሚዞር ትንሽ ተርባይን ነበር።

የአየር መንገዱ የጄት ታሪክ

አየር መንገዱ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ቢ፣ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። የልደታ መንደርደሪያ ለእነሱ አጭር ስለነበር የቦሌ ማረፊያ ተሠራ። ዛሬ የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ይደርሳል፤ ይህ ርዝመት ስስ አየር ሞተርና ክንፍ ላይ የሚያጎድለውን ለማካካስ ይረዳል። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲሱ 767-200ኢአር ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በርሮ የባለ ሁለት ሞተር ጄቶችን የርቀት ክብረ ወሰን ይዟል። በረራው ወደ ቦሌ እንጂ ከቦሌ አልነበረም፤ ያን ያህል ነዳጅ ይዞ ለመነሣት በባሕር ወለል አቅራቢያ ያለው ጥቅጥቅ አየር የተሻለ ነው።