ርካሹ ስልክ ውድ የነበረበት ዘመን

የታዳጊ አገሮችን የቴሌኮሙኒኬሽን ዋጋ በሚያነጻጽሩ ሠንጠረዦች ውስጥ አንባቢን በቀላሉ የሚያሳስት አንድ ዓምድ አለ፤ የቤት ስልክ ወርሃዊ ኪራይ የሚለው። በ2000ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኢትዮጵያና ኬንያ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ኢትዮጵያዊው ደንበኛ የታደለ ይመስላል። ለቤት ስልኩ በወር የሚከፍለው 8 ብር ገደማ፣ በጊዜው ምንዛሪ አንድ የአሜሪካ ዶላር የማይሞላ ነበር። የናይሮቢው አቻው ደግሞ የዚህን ብዙ እጥፍ ይከፍል ነበር። የመንግሥት ሞኖፖሊ ለድሃው ይበጃል ለሚል ተከራካሪ ከዚህ የተመቸ ማስረጃ አይገኝም።

ለመሆኑ ዋጋ ማለት በደረሰኝ ላይ የሰፈረው ቁጥር ብቻ ነውን? በ2009 ከ80 ሚሊዮን ለሚበልጠው የኢትዮጵያ ሕዝብ የነበረው የመደበኛ ስልክ መስመር 900 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፤ ያውም በአመዛኙ በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች። ስምንት ብር መክፈል የሚችል፣ መስመር ግን የማያገኝ ቤተሰብ ተመዝግቦ ወረፋውን ይጠብቃል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱን ይፈልጋል፤ የሌለው የጎረቤት ስልክ ቁጥር ለወዳጆቹ ያድላል። ስልኩን ያስገባው ጎረቤትም በመደወያው ላይ ቁልፍ ሲያንጠለጥል ያላየ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ አቅርቦቱ ሲያጥር ልዩነቱን የሚሞላው ወረፋ ነው። ወረፋ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ሰው ያለውን ይመርጣል።

ሌላም የተሰወረ ከፋይ ነበር። በዚያ ዘመን እንደ አብዛኞቹ የአፍሪካ ቴሌኮሞች ሁሉ የእኛም ድርጅት ከውጭ አገር ከሚገቡ ጥሪዎች ጠቀም ያለ የውጭ ምንዛሪ ያገኝ ነበር። ዋሽንግተን ወይም ጅዳ ሆኖ እናቱን ለማነጋገር ካርድ የሚገዛው ስደተኛ የዚያን ርካሽ ኪራይ አንዱን ክፍል ይሸፍን ነበር ማለት ነው። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅ አገልግሎት መጠቀምን የከለከለበት ምክንያት ከዚህ አንጻር ሲታይ ግልጽ ይሆናል።

ኬንያ መነሻዋ ከእኛ ብዙ የተለየ አልነበረም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1977 ሲፈርስ የአገሪቱ ፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ እርሱም ብቸኛ ሻጭ ነበር። በ1999 ተከፋፍሎ ቴልኮም ኬንያ ሲወለድ በመደበኛ መስመር ላይ የአምስት ዓመት ብቸኛ መብት ተሰጠው። ኪራዩ ውድ፣ አገልግሎቱ ደካማ፣ የመዳብ ገመዱም የሌባ ሲሳይ ነበር። ነገር ግን በ2000 ሳፋሪኮምና ኬንሴል በሞባይል ገበያ መፎካከር ሲጀምሩ የናይሮቢው ነዋሪ ከቴልኮም ጋር መከራከሩን ትቶ ሄደ። የቤት ስልክ ኪራይ መወደዱ የሚያሳስበው ሰው እየጠፋ መጣ። በመጋቢት 2007 ኤምፔሳ ሲጀመር ያ የእጅ ስልክ ገንዘብ መላኪያም ሆነ። ገበያው ንጹሕ ነበር ለማለት አይደለም፤ ሞቢቴሊያ የተባለው ባለቤቱ ያልታወቀ ኩባንያ ድርሻ በዚያው ዓመት የኬንያን ፓርላማ አነጋግሯል።

ኢትዮጵያም ሞባይልን የጀመረችው በ1999 ነው፤ ከኬንያ ያለያት ጊዜው ሳይሆን ሻጩ ያው አንዱ ድርጅት መሆኑ ነው። ስለዚህ የቤት ስልኩ ወረፋ ወደ ሲም ካርድ ወረፋ ተዛወረ። የብቸኛ ሻጭ ሌላው ዋጋ ደግሞ ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ ታየ፤ የአጭር ጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2007 ድረስ ሳይከፈት ቆየ። ደንበኛው ቅሬታውን ይዞ የሚሄድበት ሌላ በር አልነበረም።

ሁለተኛው በር የተከፈተው በ2022 ሲሆን፣ የከፈተውም ከዚያው ከናይሮቢ የመጣው ሳፋሪኮም ነው። ይዞት የመጣውም ሲም ካርድ እንጂ የቤት መስመር አልነበረም።