የሽንኩርት ሥርና የአቃቂ ውሃ

ትንሹ አቃቂ ከቡራዩ ወገን ካለው ደጋ ተነሥቶ አዲስ አበባን ሲያቋርጥ የፋብሪካውንም የመኖሪያ ቤቱንም ፍሳሽ እየተቀበለ ይወርዳል። ከተሜው የሚመገበው ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ብዙው የሚለማው እንዲህ ባሉ ወንዞች ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍስሐ ኢታና በኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት ያሳተሙት ጥናት በመዲናዋ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያሉትን ልዩ ልዩ ብረቶች መርምሯል። ከተመረመሩት መካከል ብረት በትንሹ ያከማቸው ጥቅል ጎመን ነበር።

ጥናቱ የለካው ቅጠሉን ነው። ብረቱ ግን ቅጠል ላይ ከመድረሱ በፊት በሥር በኩል ያልፋል፤ ሥር የሚያድገው ደግሞ ጫፉ ላይ ያሉት ሕዋሳት ሳያቋርጡ ሲከፋፈሉ ነው። እዚያ የሚደርሰውን ጉዳት ለማወቅ ወደ ስዊድን መዝገብ መሻገር ግድ ይላል።

ስዊድናዊው ተመራማሪ አልበርት ሌቫን እ.ኤ.አ. በ1938 ኮልቺሲን የተባለው የዕፅ መርዝ በቀይ ሽንኩርት ሥር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ጻፈ። በ1945 ደግሞ በኔቸር መጽሔት የማዕድን ጨዎችን ውጤት አወጣ። ሽንኩርትን መምረጡ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ክሮሞዞሞቹ 16 ብቻ ናቸው፣ ትልልቅም ናቸው። ሥሩ ውሃ ላይ በጥቂት ቀን ይበቅላል። ጫፉ ተቆርጦ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ሕዋሳቱ ባሉበት እንዲቆሙ ይደረጋል፤ ከዚያ ቀለም ተነክሮ በሁለት መስታወት መሃል ይጨፈለቃል። በጤነኛው ሕዋስ ክሮሞዞሞቹ መሃል ላይ ተሰልፈው፣ ቀጫጭን ክሮች እየጎተቷቸው፣ እኩል ለሁለት ሲለያዩ ይታያል። ሜርኩሪ ወይም ካድሚየም ሲገባ ግን እነዚያ ክሮች ይፈርሳሉ፤ ክሮሞዞሞቹ አጥረውና ወፍረው የትም ይበተናሉ። አንዳንዴ ሁለት ክሮሞዞም ተጣብቆ በሚለያዩት ወገኖች መካከል ድልድይ ይሠራል፤ ሲበጠስም ስባሪው ለብቻው ቀርቶ ትንሽ ኒውክለስ ይሆናል። መከፋፈሉ ራሱ ይቀንሳል፤ ሥሩም ማደግ ያቆማል።

ተመራማሪዋ ጌይሪድ ፊስከሾ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ዘዴ የአካባቢ ብክለት መመርመሪያ እንዲሆን ደንብ አበጀችለት። ከሦስት ዓመት በኋላም የልዩ ልዩ ብረቶችን መርዛማነት በሽንኩርት ሥር አወዳደረች።

የአዲስ አበባውንና የስዊድኑን መዝገቦች ሲያገናኙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም በአብዛኛው ባለ ሦስት ቫለንሱ ነው፤ ወደ ሕዋስ በቀላሉ አይዘልቅም። ክሮሞዞምን አጥብቆ የሚጎዳው ባለ ስድስት ቫለንሱ ነው። ስለዚህ «ክሮሚየም ተገኘ» የሚል ሰነድ ብቻውን ፍርድ አያሰጥም፤ የትኛው መሆኑ መታወቅ አለበት። ወንዞቹንም አንድ ማድረግ አይገባም፦ አቃቂ ከአዋሽ ወንዝ የሚቀላቀለው ከመልካ ቁንጥሬ በታች ነው፤ ጤፍ አብቃዩ የተጂ አካባቢ ደግሞ ከዚያ በላይ በበቾ ሜዳ ላይ ይገኛል። በአቃቂ ዳር የተለካውን ለተጂ ጤፍ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ስሕተት ነው።

ሕጉም ብዙ አልዘገየም። የፍስሐ ጥናት በታተመበት የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ተከተለ።

በእኔ ግምት ከሰነዶቹ ሁሉ በቀላሉ የሚሳሳቱበት የጥቅል ጎመኑ ውጤት ነው። እርሳስና ክሮሚየም አብዛኛውን ጊዜ ሥር ላይ ይቀራሉ፤ ወደ ቅጠል የሚወጣው ጥቂቱ ነው። ቅጠሉ ከሌሎቹ ያነሰ ማከማቸቱ ለተመጋቢው መልካም ዜና ነው። ስለ አፈሩና እዚያው ስለ ቀረው ሥር ግን የሚናገረው እምብዛም የለም።