የሾሶኢን ሣጥኖች

የጃፓኗ እቴጌ ኮምዮ፣ ባለቤታቸው ንጉሠ ነገሥት ሾሙ እ.ኤ.አ. በ756 ባረፉ በ49ኛው ቀን (የእኛን አርባ እንደማለት ነው) ከ600 በላይ ዕቃዎቻቸውን በናራ ከተማ ላለው የቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ታላቅ የቡድሃ ሐውልት ሰጡ። ሐር፣ ወረቀት፣ መድኃኒት፣ በዛጎል ያጌጠ፣ ቢዋ የተባለ ባለአምስት ክር የሙዚቃ መሣሪያም አለበት። የናራ በጋ ዝናብና ሙቀት ተደራርበው የሚመጡበት፣ ጫማ እንኳ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚሻግትበት ነው። እነዚያ ዕቃዎች ግን ሾሶኢን በተባለው የእንጨት ግምጃ ቤት 1,200 ዓመት ያህል ቆዩ።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ግድግዳው ነው። ባለሦስት ጎን ግንዶቹ እርጥበት ሲበዛ አብጠው ክፍተቱን ይዘጋሉ፣ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትረው ነፋስ ያስገባሉ ይባላል። የሚያምር ታሪክ ነው፤ የጣሪያው ክብደት ግን ግንዶቹን ተጭኖ ስለያዛቸው እንደተባለው አይከፈቱም። እርጥበቱ ሲለካ ዋናው ባለውለታ ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ ዕቃዎቹ የተቀመጡባቸው ክዳን ያላቸው ባለእግር የእንጨት ሣጥኖች። ከሣጥኑ ውጭ እርጥበቱ ሲወጣና ሲወርድ ውስጡ እምብዛም አይናወጥም። በጠባብ ሣጥን ውስጥ ያለ አየር የሚይዘው ውኃ ጥቂት ነው፤ ሳንቃው ያን ይመጠዋል፣ ሲደርቅ መልሶ ይሰጣል። ወለሉም በ40 ምሰሶዎች ላይ ከመሬት 2.7 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። የብራና መጻሕፍትን በቆዳ ማኅደር ከትተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉ የእኛ አባቶችም ይህን ዘዴ አያጡትም።

ታዲያ ጃፓኖቹ ራሳቸው በ1953 እና በ1962 የኮንክሪት መጋዘን ሠርተው፣ አየር መቆጣጠሪያ አስገብተው ዕቃዎቹን ለምን አዛወሩ? እዚህ ላይ ሣጥን አይበቃም የሚል ተቃዋሚ እውነት አለው፤ ሣጥን እሳትን አይመልስም። የቶዳይጂ ትልቁ አዳራሽ በ1180 እና በ1567 ተቃጥሏል። ሣጥን ይደብቃል፣ ሙዚየም ግን ያሳያል የሚለውም ተገቢ ነው። ሆኖም አየር መቆጣጠሪያውን ብቻ ማመን በሞቃትና እርጥብ አገር ያስከፍላል። 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 26 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጤዛ መጣል ይጀምራል። ስለዚህ ለጎብኚው ምቾት ብቻ በቀዘቀዘ አዳራሽ፣ በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባው አየር ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጤዛ ይጥላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ክፍሉ እንደገና ይሞቃል፣ ይረጥባል። ሣጥን መብራት አይጠይቅም። ማሽኑ ይቅር አልልም፤ ከሣጥኑ በኋላ ይምጣ እላለሁ።

የናራ ብሔራዊ ሙዚየም ከ1946 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል የሚያሳየው ከዕቃዎቹ ጥቂቱን ነው፤ ያውም ለሁለት ሳምንት ከምናምን፣ በመጸው፣ አየሩ ሲረጋጋ። ዕቃዎቹ አሁን ያሉበት መጋዘን የሚከፈተው የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ በተገኘበት በኦክቶበር ነው፤ በኖቬምበር መጨረሻ ተመልሶ ይታሸጋል። የዝናቡ ወራት ሲመጣ በሩ ላይ ማኅተም አለ።