ማትሪክ የረታው ክርክር

ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱበትን ወር፣ አንድ የመስከረም ታሪክ ማንሳት ይገባል። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ከ270 የሚበልጡ ወጣት አሜሪካውያን በአሜሪካው የበጎ ፈቃድ ድርጅት በሰላም ጓድ ስም አዲስ አበባ ገቡ። መሪያቸው የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሲቪል መብት አማካሪ የነበሩት ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። ወጣቶቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲመደቡ የአገሪቱ ባለዲግሪ መምህራን ቁጥር በአንድ ጊዜ እጥፍ ገደማ ሆነ። ወሊሶ ያስተማሩት ፖል ሶንጋስ በኋላ ሴናተር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሬዚዳንታዊ ዕጩነት ተወዳድረዋል። ኋላ በምሳሌነት የማነሳው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫም ከጨንቻ ደጋ ወርዶ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ወደተቆረቆረችው አርባ ምንጭ የተዛወረው በዚያው ዘመን ነው።

እስከዚህ ያለው አያከራክርም። የሚያከራክረው እነዚያ መምህራን በክፍል ውስጥ ምን ለወጡ የሚለው ነው። የታሪክ ጸሐፊው ጋሪ ሜይን የመሰሉ ሰዎች እንግዳዎቹ ሳያስቡት እሳት ጭረዋል ይላሉ። ተማሪው መምህሩን መጠየቅ ለመደ፣ የጠየቀው ተማሪም ሥርዓቱን መጠየቁ አልቀረም ነው ነገሩ። ሌሎች ደግሞ ውይይትና ክርክር ከአሜሪካ ክፍል ተነቅሎ የመጣ ችግኝ ነው፤ ሰምቶ መቀበልን፣ ቃል በቃል መያዝን በሚያከብር አገር ሊጸድቅ አልቻለም ሲሉ ይሞግታሉ። የመጀመሪያው ወገን የተማሪውን ንቅናቄ ለእንግዳ መምህር አብዝቶ ይሰጣል። በየካቲት 1966 አብዮት የተነሱት መምህራንና ተማሪዎች የራሳቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ለጥቂቶች ሊያጠብብ ያሰበው የትምህርት ዘርፍ ጥናት አንዱ ነበር። ሁለተኛው ወገን ግን የባሰ ይሳሳታል፤ ስህተቱም ዛሬ ድረስ ለስንፍናችን መሸሸጊያ ሆኖናል።

ውይይት ለአገሬው ባህል ባዕድ ነው የሚል ሰው የጋሞን ደጋ አያውቅም። በጋሞ ዱቡሻ በሚባለው ጉባኤ የአገር ጉዳይ በአደባባይ ይቀርባል፤ ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፤ ተናጋሪ ተነስቶ ሐሳቡን ያስረዳል፤ ተቃዋሚም ተነስቶ ይመልሳል። ነገሩ የሚያልቀው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ስምምነት ላይ ሲደረስ ነው። የሚያገለግለው ሀላቃ የሚባል ሹም እንኳ በጉባኤው ተመርጦ የሚሾም እንጂ ከላይ የተጫነ አይደለም። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በአብዮቱ ዘመን አካባቢ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ባለችው ኦቾሎ ተቀምጦ ያጠናው ይህንኑ የጉባኤ ሥርዓት ነበር። እርግጥ ዱቡሻው ለሁሉ አልተከፈተም፤ ሴቶችን፣ ማናና ደጋላ የሚባሉትን ባለእጆች ከንግግሩ ያገለለ ነው፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ነገር ግን ሐሳብን በማስረጃ መደገፍ፣ የሌላውን ቃል እስኪያልቅ ሰምቶ መመለስ ለጋሞ ልጅ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ትምህርት አልነበረም። አባቱ አደባባይ ላይ ሲያደርገው አይቷል።

ታዲያ ዱቡሻ ያየው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ለምን ዝም አለ? መልሱ ያለው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናው፣ ማትሪኩ ዘንድ ነው። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውይይት ዋጋ የሚኖረው መምህሩ ደግ ስለሆነ አይደለም። ተማሪው በክፍል የተናገረው፣ የጻፈው ድርሰት፣ ቆሞ ያቀረበው ጥናት ተደምሮ ውጤት ይሆናል፤ ውጤቱን የሚሰጠው ያስተማረው መምህር ነው፤ ዲፕሎማውንም የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አለ፤ ኒውዮርክን የመሰሉ ግዛቶችም የራሳቸው ፈተና አላቸው፤ ነገር ግን የመምህሩን ነጥብ ሽረው ብቻቸውን አይቆሙም። ሰላም ጓዶቹ ወደ እኛ ያመጡት የማስተማሪያውን ዘዴ ብቻ ነው። ዘዴውን ያቆመውን የመምህር ሥልጣን ሊያመጡ አልቻሉም፤ የተማሪው ዕጣ የሚወሰነው አዲስ አበባ ተዘጋጅቶ በሚላክ፣ አብዛኛው ጥያቄ ከምርጫ አንዱን አክብብ በሚል ወረቀት ነበርና። ቤቱ ጋሞኛ ተናግሮ፣ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ተምሮ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የሚፈተን ልጅ አንድ ሰዓት ክርክር ላይ ከሚያጠፋ የአምና ጥያቄ ቢሸመድድ ይሻለዋል። ተማሪው ብልህ ነበር፤ የሚያዋጣውን መረጠ።

ለዚህ ጠንካራ መቃወሚያ አለ፤ አቃልዬ አላየውም። ብሔራዊ ፈተና የድሃ ልጅ ጋሻ ነው። ከዶርዜ ወይም ከቦንኬ የመጣ የገበሬ ልጅ ከባለሥልጣን ልጅ እኩል የሚቆምበት ብቸኛ ቦታ ስሙ የማይታይበት የመልስ ወረቀት ነው፤ ነጥቡን ለመምህር ብንተው ዝምድናና ጉቦ ይበላዋል ይባላል። እውነት አለበት። ጋሻው ይቀመጥ፤ ግን ጋሻ ብቻውን ትምህርት አይሆንም። አድልዎን ለመከላከል የተሠራ መሣሪያ ልጁ ማስረዳት ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ፈጽሞ ሳይጠይቅ 12 ዓመት ሲያሳልፈው፣ ያው የድሃው ልጅ ነው የሚጎዳው፤ የሀብታሙ ልጅ አነጋገርን ሌላ ቦታ ይማራልና።

ሰላም ጓዶቹ በ1969 ጠቅልለው ወጡ፤ ኋላም ተመላልሰዋል። ደርግ መጣ፣ ሄደ፤ ማትሪኩ ስሙን እየለወጠ ዘለቀ። በ1997 ደግሞ ፕላዝማ መጣ፤ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት በየክፍሉ ሲተላለፍ ለመምህሩ የተረፉት በመግቢያና በመጨረሻ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ ስክሪኑ አይሰማውም፤ ደቂቃው ካለቀም መምህሩ አይደርስለትም። ያን ጊዜ የተቃወሙ መምህራን ቴክኖሎጂ ጠል ተባሉ፤ ዛሬ ሲታይ ግን ልክ ነበሩ።

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከትምህርት ቤት ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ኩረጃው ሲዘጋ ሽምደዳውም እንዳላዋጣ ታየ። እኔ የምለው ፈተናው ይቅር አይደለም። ከውጤቱ የተወሰነው ክፍል፣ ለምሳሌ አንድ አምስተኛው፣ ተማሪው በቃል ቀርቦ አንድ ሐሳብ እንዲያስረዳና ለጥያቄ እንዲመልስ ይመደብ፤ ዝምድና እንዳይገባበትም ፈታኙ ከሌላ አካባቢ ይምጣ፣ የተባለውም በድምፅ ተቀርጾ ይቀመጥ። በአርባ ምንጭና በዙሪያው ሙከራውን መጀመር አይከብድም፤ ተማሪዎቹ ለፈተና አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መግባታቸው አይቀርም፣ ሊፈትኑ የሚችሉ መምህራንም እዚያው አሉ።