የተሰነጠቀ ጥርስና የሕክምና አማራጮቹ

በጅማ ከተማ መንደራ ቆጪም ሆነ በአጋሮና በሊሙ ገነት ቡና ያለ ቁርስ ሲቀርብ ብዙም አይታይም። ከቆሎው መካከል በደንብ ሳትቆላ የቀረች አንዲት ፍሬ ወይም ሳትለቀም ያለፈች ጠጠር መንጋጋን ለመሰንጠቅ በቂ ነች። ቆርኪን በጥርስ መክፈት፣ አጥንት መቆርጠምና በእንቅልፍ ላይ ጥርስ ማፋጨትም ለዚሁ ችግር ይዳርጋሉ። ቀደም ሲል በሰፊው የተሞላ ጥርስ ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ነው።

ዋናው ምልክት ሲነክሱ፣ በተለይም ንክሻውን ሲለቁ፣ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሕመም ነው። ቀዝቃዛ ውኃም ጥርሱን ይጠዘጥዘዋል። ታማሚው የትኛው ጥርስ እንደሆነ ለይቶ ለማሳየት ይቸገራል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ በመሆኑ በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ በመሆኑም ራጁ ንጹሕ ነው መባሉ ጥርሱ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ሐኪሙ የጥርሱን ጫፎች ለየብቻ በማስነከስ፣ ቀለም በመቀባትና ብርሃን በማሳለፍ ስንጥቁን ይፈልጋል። ችግሩ ራሱን የቻለ የሕክምና ስያሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ካሜሮን በተባሉ የጥርስ ሐኪም አማካይነት ነው።

የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ የተሰነጠቀ ጥርስ ግን መልሶ አይገጥምም። የሕክምናው ዓላማም ስንጥቁ እንዳይሰፋ መግታት ነው። በላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ያለ ጭረት ሕክምና አያስፈልገውም። ጫፉ የተሸረፈ ጥርስ በሙሌት ሊስተካከል ይችላል። ስንጥቁ ወደ ውስጥ የዘለቀ ከሆነ ጥርሱን ዙሪያውን አጥብቆ የሚይዝ ክራውን ይለበስለታል። ነርቩ ከተጎዳ ደግሞ ክራውኑ ከመግባቱ አስቀድሞ የሥር ሕክምና ይደረጋል። የሥር ሕክምናው ሕመሙን ስለሚያስታግስ ብዙዎች ክራውኑን ይተዉታል፤ ይህ ስህተት ነው፤ ሳይሸፈን የቀረ መንጋጋ ውሎ አድሮ ሊሰበር ይችላልና።

ክራውን ግን ወጪ አለው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2005 ዓ.ም. ያወጣው የማህበራዊ ጤና መድን ደንብ ሰው ሠራሽ ጥርስን፣ የጥርስ ተከላንና ክራውንን ከሽፋን ውጭ አድርጓቸው ነበር። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ መንቀልን የሚመርጠው ስለዚህ ቢሆን አያስገርምም። ይሁንና መንቀል ግድ የሚሆነው ጥርሱ ለሁለት ሲከፈል ወይም ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ሲወርድ ነው። የተነቀለው ቦታ ክፍት ሲቀር አጎራባች ጥርሶች ወደዚያው ሊያዘነብሉ ይችላሉ።

ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥና በሌላው ወገን ማኘክ ይመከራል። አስፕሪንም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማድረግ ሥጋውን ያቃጥላል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አንቲባዮቲክ ስንጥቁን አያድንም።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ በሪፈራል የሚላኩ ታማሚዎችም የዩኒቨርሲቲውን ሕክምና ማዕከል ይጠቀማሉ። ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ኢንፌክሽኑ እየተሰራጨ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።