የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል

በባለቀለም መስታወት ታሪክን መተረክ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በአብያተ ክርስቲያናት ያበበ ጥበብ ነው። ዓለማዊው ታሪክ የገባበት ቆይቶ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. የዊልያም ሞሪስ ድርጅት በእንግሊዝ አገር ለአንድ ነጋዴ ቤት በሠራቸው 13 መስታወቶች የትሪስታንንና የኢዞልዴን አፈ ታሪክ ተረከ። ለንጉሥ የታጨችውን ልዕልት ሊያመጣ የተላከው ጦረኛ ከርሷ ጋር ሳያውቁት የፍቅር መድኃኒት ይጠጣሉ፤ ፍጻሜያቸውም ሞት ይሆናል።

በአዲስ አበባ ይኸው ጥበብ ለሌላ ትረካ ውሏል። ኢጣልያዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል በሦስት ክፍል አበረከተለት። ቀዩ ያለፈውን መከራ፣ አረንጓዴው ትግሉን፣ ቢጫው መጪውን ተስፋ ያመለክታል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል የምናውቀው ዘንዶ በዚህ የቅኝ አገዛዝ ምሳሌ ሆኗል፤ የመካከለኛው ዘመን ጥሩር የለበሱትም የተባበሩት መንግሥታትን ዓርማ ይዘው ይታያሉ። የትሪስታን ትረካ በተስፋ ጀምሮ በሞት ሲያበቃ፣ የአፈወርቅ ግን ከኀዘን ተነሥቶ ወደ ብርሃን ይሄዳል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመውም በዚሁ አዳራሽ ነው።

የመስታወት ሥዕል ከግድግዳ ሥዕል የሚለየው ያለ ፀሐይ የማይነበብ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ብቻውን አይፈጽመውም፤ የመስኮቱን አቅጣጫና ስፋት የሚወስነው አርክቴክት፣ ክብደቱን የሚሸከመውን ፍሬም የሚያሰላው መሐንዲስ፣ መስታወቱን የሚቆርጠው ባለእጅ የሥራው ተካፋዮች ናቸው። ከመካከላቸው የአንዱ ድርሻ ቢጓደል ትረካው ይጨልማል።

አዳራሹ ለዓመታት ከተካሄደ እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። በዚያው ወቅት በአቅራቢያው የሚገኘው፣ ስሙን ከኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤቶች የወረሰው ካዛንቺስ በከተማው ልማት ሰፊ ክፍሉ ፈርሷል። አንዱ ቅርስ በጥንቃቄ ሲጠገን ሌላው ሳይለካና ሳይነደፍ መጥፋት አይገባውም። ሁሉን ማቆየት አይቻል ይሆናል፤ ቤት ከመፍረሱ በፊት ፕላኑን አንሥቶ፣ የሠራውንና የኖረበትን ጠይቆ መመዝገብ ግን በሙያችን አቅም ውስጥ ነው። ታላቁ መስታወት የአህጉሩን ታሪክ ያቆይልናል፤ የሰፈሩን ታሪክ የማቆየት ዕዳ ግን የእኛ ነው።