ቅራሪ፦ ለብዙ ሰው የሚበቃ፣ ማንንም የማይጥል መጠጥ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ለደቦ 50 ሰው ጠርቻለሁ፣ ምን ላጠጣቸው? ቢራ ብገዛ ደሞዜ አይችልም፣ ጠንካራ ጠላ ብሰጥ ደግሞ ከሰዓት የሚሠራ አይኖርም" ብሎ ጻፈልኝ። ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ሆኖ ስላገኘሁት መልሱን እዚህ ልጽፈው። (አሁን የማስተምራችሁ ልጆች፣ ይህን ዝለሉት። በ2011 የወጣው አዋጅ 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ ይከለክላል፣ እኔም ከሕጉ ጋር ነኝ።)

መልሱ ባጭሩ ቅራሪ ነው። ቅራሪ ዛሬ ስሙ ተዋርዷል። "ቅራሪ አጠጣን" ማለት ጋባዡን መስደብ ሆኗል። ግን ብዙ ሰው ጉልበት አውጥቶ በሚውልበት ቦታ ሁሉ ሰው ቀለል ያለ መጠጥ ፈጥሯል። እንግሊዞችም በድሮ ዘመን ዋናውን ቢራ ቀድተው ሲጨርሱ በዚያው እህል ላይ እንደገና ውሃ እየጨመሩ "ትንሹ ቢራ" የሚሉትን ያወጡ ነበር። ለሠራተኛ፣ ለሎሌ፣ ለልጅ ጭምር የሚቀርብ ነበር። የእኛ እናቶች አተላው ላይ ውሃ ጨምረው የሚያወጡት ቅራሪ ከዚህ በምንም አይለይም። በቤተ መንግሥት ግብር እንኳ ጠጁ ለመኳንንቱ፣ ጠላው ለሠራዊቱ ነበር። ጦር በጠጅ አይመገብም፣ ማር አይበቃማ።

አሁን ወደ አሶሳ እንምጣ። እዚህ አካባቢ የእህል መጠጥ ታሪክ የሚጀምረው በጌሾ ሳይሆን በማሽላ ነው። ከእኛ ወሰን ማዶ፣ በምሥራቅ ሱዳን ከሰላ አካባቢ፣ ማሽላ ወደ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት ይለማ እንደነበር የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች አረጋግጠዋል። ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ መስመሩ በማሽላ ጠጪዎች መሃል ነው ያለፈው። ማዶ ያለው መሪሳ ይለዋል፣ ወዲህ ያለውም የራሱን ስም ሰጥቶታል፣ ጌሾ የሚባል ነገር ግን የለበትም።

ከዚያ 1977 መጣ። ድርቁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደርግ በሰፈራ ፕሮግራሙ ወደ 600,000 ሰው ከሰሜንና ከመሃል አገር አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወሰደ። አሶሳ ዙሪያ የሰፈረው አብዛኛው ወሎዬ ነበር። ዛሬም መንደሮቻችን "አምባ" ወይ "መገሌ" ተብለው በቁጥር የሚጠሩት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ሰፋሪዎቹ መጀመሪያ የሚያርሱት በማኅበር ነበር። ሥራው በነጥብ ይመዘገባል፣ ምርቱ በነጥብ ይከፋፈላል። በዚያ ሥርዓት ደቦ ምን ያደርጋል? ጎረቤትህን አብልተህ አጠጥተህ ለማሠራት የራስህ ማሳ ሊኖርህ ይገባል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የካቲት 1982 ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁ የማኅበር እርሻው በየቦታው ፈረሰ፣ ማሳ ለየቤቱ ሆነ። እኔ የማምነው ጋን ወደ ጓሮ በደንብ የተመለሰው ያኔ መሆኑን ነው። ፓርቲው በስብሰባ ያልቻለውን ቅራሪ ቻለው ብል አታጋነን በሉኝ፣ ግን ለአረም 40 ሰው በአንድ ጠዋት የሚያወጣው እሱ ነበር።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ። የወሎ ሴት ጠላ ስትጠምቅ ዱቄቱን በውሃ ለውሳ ምጣድ ላይ እስኪጠቁር ታምሳለች፣ እንኩሮ የምንለው ነው። ሱዳናዊው ምሁር ሐሚድ ዲራር በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ አገሩ የፈላ ምግቦች ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የመሪሳን አሠራር በዝርዝር ጽፏል። የመሪሳ ጠማቂዋም የኮመጠጠውን ሊጥ ምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆን ታበስለዋለች። እንግዲህ የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ምጣድ ጥደው አሶሳ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ልዩነታቸው ጌሾው ብቻ። በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ግን አንዷም የለችም። ክፍል ውስጥ ስለ ሰፈራ ሳስተምር የማገኘው ቁጥር፣ ቀንና የባለሥልጣን ስም ነው።

እሺ፣ አሠራሩ። አንድ አምባ ውስጥ የሚኖሩ እናት (ስማቸውን እንዳልጠራ ነግረውኛል) ከሚሠሩት ወስጄ ለ50 ሰው፣ ለያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሊትር ይሆን ዘንድ ለ100 ሊትር አስልቼዋለሁ። የማሽላ ዱቄት 12 ኪሎ፣ ዘንጋዳ ቢሆን ይመረጣል። ብቅል 3 ኪሎ፣ የበቆሎም የዳጉሳም ይሆናል። የጌሾ ቅጠል ከአንድ ኪሎ አይበልጥ። ጋኑን ወይም በርሜሉን በደንብ አጥባችሁ በወይራ አጥኑ። ጌሾውንና ከብቅሉ ጥቂቱን በውሃ ጠንስሱ። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ከዱቄቱ ትንሽ ወስዳችሁ ቂጣ ጋግሩና ፈርፍራችሁ ከቀረው ብቅል ጋር ጨምሩ። በማግስቱ የቀረውን ዱቄት እንኩሮ አድርጋችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ደፍድፉ። በአሶሳ ሙቀት ሦስት አራት ቀን ይበቃዋል፣ የደጋ ሰው ሳምንት ይጠብቅ።

ዋናው ምስጢር እንኩሮው ላይ ነው። ሰው መጠጡ ቀለል እንዲል ሲፈልግ እንኩሮውን ያነጣዋል። ስህተት ነው! በደንብ የጠቆረ እንኩሮ ነው ለቀጭን መጠጥ ጣዕምና መልክ የሚሰጠው። መቀነስ ያለበት ጌሾው ነው፣ ምክንያቱም ቀጭን መጠጥ ላይ ምሬቱ ብቻውን ይወጣል። ጌሾ ሲቀንስ ደግሞ መጠጡ ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ውሃውን ከደቦው በፊት ባለው ምሽት ብቻ ጨምሩ፣ በማግስቱ ጠጥታችሁ ጨርሱ። ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል አለው፣ የተጣራው እስከ 6 ይደርሳል። እኛ የምንፈልገው ወደ ታችኛው ጫፍ ነው።

ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ድፍድፉ ላይ በመጨረሻ የሚጨመር ውሃ እሳት አያገኘውምና። የጸረ አረምና የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ደግሞ "አጥቤዋለሁ" ብላችሁ እንዳትነኩት። ፕላስቲክ ኬሚካል ይጠጣል፣ በኋላ መልሶ ይሰጣል። ገበያ ላይ በርካሽ ሲሸጥ አይቻለሁ፣ ያሳስበኛል።

ሌላው፣ የእኛ ደቦ የአንድ ሃይማኖት ደቦ አይደለም። በርታው አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ከወሎ የመጣውም ብዙው እንዲሁ። ስለዚህ አንድ በርሜል ብቻ ደርድሮ "ጠጡ" ማለት ግማሹን ሰው ውሃ ላይ መተው ነው። ጎን ለጎን ቀሪቦ ይቅረብ፦ ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ተፈጭቶ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ሲቀዘቅዝ ስኳርና ጥቂት እርሾ ይገባበታል፣ ያድራል። ከአንድ ሌሊት በላይ ግን አታቆዩት፣ ከቆየ አልኮል ያበጃልና የለፋችሁበት ዓላማ ይበላሻል። ማንቆርቆሪያውንና ጣሳውን ለዩ፣ ሳይለዩ በመቅዳት ሰው ሲቀየም አይቻለሁ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ስንት ጎረቤት እንደተራራቀ ታውቃላችሁ፣ አሁን ደግሞ በጣሳ አንራራቅ።

ተማሪዬ፣ የቅራሪው 12 ኪሎ ዱቄት ከበዛብህ ከ10 አትውረድ። ብቅሉን ግን አትቀንስ።